ሦስት ኦፈር፣ ሁለት ባንክ፣ አንድ ቤት

ይህን ክር፣ ማለትም ጥያቄና መልሱን፣ በኢንተርኔት የውይይት መድረክ ላይ የከፈትኩት በኦክቶበር 2011 ነው። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው። ልጆቹ ተኝተው፣ የሥራ ልብሴን እንኳን ሳላወልቅ ኩሽና ተቀምጬ ጻፍኩት። ሰሞኑን አንዲት ጓደኛዬ ስለ ሾርት ሴል ስትጠይቀኝ ፈልጌ አወጣሁት። መልሶቹን በየቁጥራቸው ልንገራችሁ። ስድቡን ትንሽ አለስልሼዋለሁ።

የመክፈቻው ጽሑፍ፣ የእኔ

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ታውንሃውስ አለን አልኩ። በ2006 በ410,000 ዶላር ገዛነው። ቅድመ ክፍያ የሚባል ነገር አልነበረም። አንዱ ባንክ 328,000 ሰጠን፣ ሌላው ቀሪውን 82,000። ያኔ ብዙ ሰው የሚገዛው እንዲህ ነበር። አሁን ቤቱ 265,000 ካወጣ ጥሩ ነው። የባለቤቴ ሥራ ቀነሰ፤ ወለዱ ደግሞ ጨመረ። ሦስት ወር ሳንከፍል ቀረን። ስለዚህ ሾርት ሴል ልንሞክር ነው፤ ማለትም ባንኩ ከፈቀደልን ካለብን ዕዳ ባነሰ ዋጋ ልንሸጥ።

በሁለት ሳምንት ሦስት ኦፈር (በዚህ ዋጋ ልግዛ የሚል ጥያቄ) መጣልን። የመጀመሪያው 225,000፣ በካሽ፣ ባንኩ እሺ ባለ በ15 ቀን የሚዘጋ። ሁለተኛው 262,000፣ በኤፍ ኤች ኤ (መንግሥት ዋስ በሚሆንለት) ብድር የሚገዙ ሁለት ልጆች ያሏቸው ባልና ሚስት። ሦስተኛው 281,000፣ ግን ሻጭ የዋጋውን 6 ከመቶ ለክሎዚንግ (ለሽያጩ መዝጊያ) ወጪዬ ይርዳኝ የሚል። ትልቁን ልፈርም ነው፣ የምትሉት ካለ ዛሬ ማታ ንገሩኝ ብዬ ጨረስኩ።

1. የመጀመሪያዋ መላሽ በምርቃት ጀመረች። ካሹን ያዢ አለችኝ። የባንክ ብድር ይወድቃል፣ ካሽ አይወድቅም ነው ነገሩ። ደግ ሰው ነበረች፤ ምክሯ ግን ግማሽ ነበር።

2. ይኼኛው አንተ እያለ ጻፈልኝ። ካሹን እርሳው አለ። ምክንያቱን አስረዳ። ባንኩ ያቀረብክለትን ዋጋ አምኖ አይቀበልም፤ የራሱን ገማች ይልካል። ገማቹ 265,000 ካለ 225,000 ይዘህ ብትሄድ ጊዜህን ነው የምትጨርሰው። እሱ ራሱ እንዲህ ያለ ኦፈር ይዞ አራት ወር ከቆየ በኋላ ባንኩ በአንድ መስመር ደብዳቤ መልሶታል። ገዢው ቀድሞም ብዙ ቤት ላይ ዝቅ ያለ ዋጋ በትኖ አንዱ ቢሳካልኝ የሚል ነጋዴ ነበር።

3. ጠያቂዋ ሴት ናት፣ ጽሑፉን እንኳን በደንብ ሳታነብ ምን ታማክራለህ የሚል። የባንኮቹንም ስም ጠየቀችኝ። አልነገርኳትም፤ ዛሬም አልናገርም።

4. ዋናው መልስ ይኼ ነው። ጸሐፊው ቨርጂኒያ ውስጥ ሪልተር (የቤት ሽያጭ ወኪል) ነኝ አለ፣ ማስታወቂያ ግን አልለጠፈም። የኦፈሩን ጫፍ አትዩ አለ፤ ባንኩ የሚያየው በመጨረሻ እጁ የሚገባውን ነው። ቁጭ ብሎ አሰላልኝ። 281,000 ላይ 6 ከመቶ የገዢው ድጎማ 16,860 ነው። የሪልተሮቹ ኮሚሽንም 6 ከመቶ ከሆነ ሌላ 16,860። ቀሪው 247,280። በሌላ በኩል 262,000 ላይ ኮሚሽን ብቻ፣ 15,720 ሲነሳ 246,280 ይቀራል።

ልዩነቱ 1,000 ዶላር! በ19,000 የሚበልጥ መስሎኝ እንቅልፍ ያጣሁበት ኦፈር።

በዚህ አላበቃም። የሦስተኛው ገዢ አበዳሪ ቤቱን ሲያስገምት 265,000 ቢመጣበት 281,000ው እዚያው ይፈርሳል አለ። ባንኩም የሻጭ ድጎማውን ሊቆርጠው ይችላል። ከዚያ ጠየቀኝ፦ ገዢው ቀብድ አስይዟል? ስንት ቀን እጠብቃለሁ ብሎ ፈርሟል? ቤቱን ባለበት ሁኔታ ይቀበላል? ወረቀቱን አውጥቼ አየሁት። ሦስተኛው ገዢ ቀብድ የማስገባው ባንኩ ከፈቀደ በኋላ ነው ይላል። ሁለተኛዎቹ ግን 5,000 ዶላር አስይዘው 120 ቀን እንጠብቃለን ብለው ፈርመዋል። ይህንን ሳላነብ ነው እንግዲህ ትልቁን ልፈርም ያልኩት።

5. አንድ መስመር። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ የሚለውን ተረት ጽፎ ሄደ። ሦስተኛውን ኦፈር ማለቱ ነው።

6. ሦስቱንም ለባንኩ ላኪለት፣ እሱ ይምረጥ የሚል። ቁጥር 4 ተመልሶ በትህትና አረመው። ሪልተሩ የመጡትን ኦፈሮች ሁሉ ለባለቤቱ የማሳየት ግዴታ አለበት፤ መርጦ የሚፈርመው ግን ባለቤቱ ነው። ባንኩ የተፈረመውን ያጸድቃል ወይም ይጥላል። የቀሩትን በተጠባባቂነት ያዢያቸው፤ ሰው በመሃል ይሰለቻል፣ ሌላ ቤት ያገኛል አለ።

7. ሁሉንም አመሰገንኩና ሁለተኛው ባንክስ ብዬ ጠየቅኩ። ለካ ዋናው ነገር እዚህ ጋ ነበር።

8. ላስ ቬጋስ ታክሲ የሚነዳ ሰው ነው። እዚያ የቤት ዋጋ ከግማሽ በላይ ወርዷል፣ ጎረቤቶቼ በሙሉ ሄደዋል አለ። የእሱን ሾርት ሴል ሊገድልበት የነበረው ሁለተኛው ባንክ ነው። ቤቱ ሲሸጥ ገንዘቡ በቅድሚያ የአንደኛው ባንክ ነው፤ ለሁለተኛው የሚተርፍ የለም። ግን ሁለተኛው ቤቱ ላይ ያለውን የዕዳ መያዣ ካልለቀቀ ቤቱ ንጹሕ ሆኖ ለገዢው አይተላለፍም። ስለዚህ አንደኛው ባንክ ከራሱ ድርሻ ጥቂት ሺህ ቆንጥሮ ይሰጠዋል፣ ሁለተኛው አነሰኝ ብሎ ይኮራል። የእሱ ባንክ በስልክ 5,000 ዶላር ከጎን ክፈል ብሎት ነበር። የክሎዚንግ ወረቀት ላይ ሳይሰፍር። እሺ ሊል ሲል ጠበቃው አስቆመው፤ ከወረቀቱ ውጭ የሚሰጥ ገንዘብ አንደኛውን ባንክ ማታለል ነው፣ ታስጠይቃለህ ብሎ።

9. እዚህ ላይ ነው ጨዋታው የተለወጠው። አንዱ ጎበዝ መጥቶ ይህ ሁሉ ጭንቀት ለምን አለ። ያክስትሽ ልጅ ይግዛው፣ አንቺ እየተከራየሽ እዚያው ኑሪ፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ይመልስልሽ። ብዙ አበሻ ያደረገው ነው አለ።

10. ወንጀል ነው፣ ሰው አታሳስር የሚል። ሦስት ቃለ አጋኖ ነበረበት።

11. ቁጥር 9 ተናደደ። ቁጥር 10ን የባንክ ጠበቃ አለው። ባንኮቹ መንግሥት ደጉሟቸው ሲተርፉ ማን ታሰረ አለ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ይህቺን ሳነብ ልቤ ትንሽ ከእሱ ጋር ነበር።

12. ሁሉም ጋሼ የሚሉት ሽማግሌ ገቡ። ቁጣ የለም፣ ዘለፋ የለም። ባንኩ ከማጽደቁ በፊት አንድ ቃለ መሐላ ያስፈርማችኋል አሉ፤ ሻጭ፣ ገዢ፣ የሁለቱም ወገን ሪልተሮች ይፈርማሉ። ገዢና ሻጭ ዘመድ አይደሉም፣ በሽርክም አይሠሩም፣ ሻጩ ቤቱ ውስጥ አይቀርም፣ የተደበቀ ውል የለም የሚል ነው። እሱ ላይ በሐሰት መፈረም የፌዴራል ጉዳይ ነው። ያክስትሽ ልጅ ደግሞ ቤቱን አልመልስም ቢል ማን ጋ ትከሺዋለሽ? በማለት ጨረሱ። ቁጥር 9 ከዚያ በኋላ ለስምንት መልስ ያህል አልታየም።

13. የሪልተር ማስታወቂያ፤ ፎቶና ፈገግታ ጭምር። ቅድሚያ 2,500 ዶላር ከተከፈለኝ ከባንክ ጋር ተደራድሬ አስጨርሳለሁ ይላል። ቁጥር 4 ወዲያው መጣበት። ከዚያ ዓመት ጀምሮ ውጤት ሳያሳዩ ከባለዕዳ ቅድሚያ ክፍያ መቀበል በፌዴራል ደንብ ክልክል ነው አለ። የሪልተር ኮሚሽን ከሽያጩ ላይ ይነሳል፣ ሻጭ ከኪሱ አይከፍልም፤ መንግሥት የሚያውቃቸው የቤት አማካሪዎችም በነፃ ይረዳሉ። ማስታወቂያው በማግስቱ ጠፍቷል።

14፣ 15 እና 16. ከርዕስ መውጣት ማለት እንዲህ ነው። አንዷ ሲልቨር ስፕሪንግ ቤዝመንት የሚያከራይ አለ ወይ አለች። ሌላው የስንት ሰው ነው፣ ኩሽናው ለብቻ ነው ወይ አለ። ሦስተኛዋ አለኝ፣ ግን ሽንኩርት በማታ የሚያቁላላ ተከራይ አልፈልግም አለች። ቤቴ ሊሄድ ነው እያለቀስኩ እዚህ ጋ ሳቅሁ።

17. ጸሐፊዋ የጠበቃ ቢሮ ውስጥ የምትሠራ ነች። ማንም ያላነሳውን ነገረችኝ። ባንኩ ሽያጩን ፈቀደ ማለት ዕዳውን ሰረዘ ማለት አይደለም። ካሊፎርኒያ በዚያው ዓመት በሐምሌ ባወጣችው ሕግ ሾርት ሴልን የፈቀደ ባንክ፣ አንደኛም ሁለተኛም ይሁን፣ የጎደለውን ሻጩን መጠየቅ አይችልም። ሜሪላንድ ግን ካሊፎርኒያ አይደለችም። የማጽደቂያው ደብዳቤ ሲመጣ መያዣውን ለቅቄያለሁ ብቻ ካለ አትፈርሚ አለች። መያዣ መልቀቅ ቤቱን ነው የሚለቀው፣ አንቺን አይደለም። ቀሪውን ዕዳ አልጠይቅም፣ ሙሉ በሙሉ ተከፍሏል ብዬ እቀበላለሁ የሚል ቃል በጽሑፍ ይኑርበት፤ ከሁለቱም ባንክ። በስልክ የተነገረሽ አይቆጠርም።

ይህን አትሜ ፍሪጁ ላይ ለጠፍኩት።

18. የታክስ ሥራ የሚሠራ ሰው። ባንኩ የተወልሽ ዕዳ በአይ አር ኤስ (በአሜሪካ ግብር ሰብሳቢ መሥሪያ ቤት) ዓይን ገቢ ነው፣ 1099-ሲ የሚባል ወረቀት ይመጣልሻል አለ። አትደንግጪ፤ በ2007 የወጣው ሕግ ለምትኖሪበት ዋና ቤት እስከ 2 ሚሊዮን ዶላር ነፃ ያወጣል። ሁለት ነገር ግን አለበት። ሕጉ በ2012 መጨረሻ ያበቃል፤ ስለዚህ ከዚያ በፊት ዝጊ። ሌላው፣ ነፃ የሚሆነው ቤቱን ለመግዛት፣ ለመሥራት ወይም ለማደስ የተበደርሽው ብቻ ነው። የእኔ ሁለቱም ብድር ለግዢ ስለነበር ተረፍኩ።

19. አንዱ ተጨነቀ። ቤቱን አስይዞ 60,000 ዶላር አውጥቶ አዲስ አበባ ቤት ሠርቶበታል። እሱስ?

20. የታክሱ ሰው መለሰ። ያ ብር በሕጉ አይሸፈንም። ሌላ በር ግን አለ፤ ዕዳህ ከመሰረዙ ወዲያው በፊት ያለብህ ዕዳ ካለህ ንብረት ከበለጠ፣ በበለጠው ልክ ነፃ ትሆናለህ። ፎርም 982 ይባላል። ንብረት ሲባል ግን አዲስ አበባ ያለውም ይቆጠራል።

21. ማን ያየዋል፣ አትጻፈው የሚል መጣ። ቁጥር 9 ነው፣ ተመልሶ!

22. የታክሱ ሰው ትህትናው አለቀ። በሐሰት ብናገር ልጠየቅ ብሎ ፈርሞ የሚያስገባው ወረቀት መሆኑን አስረግጦ ጻፈ። ለባንኩ የምታቀርቡት የገቢና የንብረት መግለጫም ያው ነው አለ። ምክርህን ለራስህ ያዘው፣ የሰው ቤት አታፍርስ ብሎ ዘጋ። ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት የሚለውንም ጨመረበት፤ ለምን እንደጨመረው እስካሁን አልገባኝም።

23. እኔ። ባንኩ የሁለት ዓመት ታክስ፣ የደሞዝ ወረቀት፣ የሁለት ወር የባንክ መግለጫና ለምን መክፈል እንዳቃተን የሚያስረዳ ደብዳቤ ጠየቀን አልኩ። መግለጫው ላይ የእቁብ ብር አለ፣ 12,000 ዶላር በአንድ ቀን የገባ። ምን ልበላቸው?

24. አንዲት ሴት በጣም ጥሩ ነገር አለችኝ። ሳትጠየቂ ቀድመሽ ጻፊ። እቁብ ምን እንደሆነ በሦስት መስመር አስረጂ፤ በየወሩ ስንት እንደምትጥይ፣ ዕጣው መቼ እንደወጣልሽ። ዳኛው ይፈርሙበት። ገንዘቡ የት እንደሄደም ንገሪያቸው። ሳታስረጂ የተውሽውን ባንኩ የተደበቀ ገቢ ነው ብሎ ነው የሚያነበው። የእኛ ዳኛ ሲፈርሙ እጃቸው ተንቀጠቀጠ፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ እቁብ ሲዳኙ ፈረንጅ ባንክ ጠይቋቸው አያውቅም።

25. አንዱ ፈረደብኝ። ያለ ቅድመ ክፍያ 410,000 ቤት የገዛ ሰው አሁን ምን ያስለቅሰዋል አለ። ስግብግብነት ነው፣ እኔ ተከራይቼ እየኖርኩ አላበድኩም።

26፣ 27 እና 28. ተነሱበት። አንዷ ልጆች ያለው ሰው ቤት መፈለጉ ስግብግብነት የሆነው ከመቼ ጀምሮ ነው አለች። ሌላው እውነቱን ነው፣ ሁላችንም ዋጋው ለዘላለም የሚወጣ መስሎን ነበር አለ። ሦስተኛው ስለ አዲስ አበባ መሬት ዋጋ አነሳና ክሩ ለሁለት ቀን እዚያው ቀረ። ባለቤቴ ለቁጥር 25 ሊመልስ ኪቦርዱን ይዞ ነበር፤ ቀማሁት። እውነት ለመናገር የጎዳኝ ቃሉ አይደለም። ግቢው ላይ የተተከለውን የሽያጭ ምልክት የሰፈራችን ሰው አይቶ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ምን ይለኝ ይሆን እያልኩ ነበር። ሰውየው ይህን ሳያውቅ ነካው።

29. ጋሼ እንደገና። ሃፋ የሚባል የመንግሥት ፕሮግራም አለ፣ ጠይቂ አሉ። በዚያ በኩል ካለፍሽ ባንኮቹ ቀሪውን ዕዳ አንጠይቅም ማለት ግዴታቸው ነው፤ ለሁለተኛው ባንክ እስከ 6,000 ይሰጣል፣ ለአንቺም መንቀሳቀሻ 3,000። ያው ባንኩ አንቺ ካልጠየቅሽ አያነሳውም አሉ። ልክ ነበሩ፤ አላነሳውም ነበር።

30. የእኔ ውሳኔ። ሁለተኛውን፣ የባልና ሚስቱን ኦፈር ፈረምን። ሦስተኛው ገዢ በተጠባባቂነት ቆይ ስንለው በሳምንቱ ሌላ ቤት ገዛ።

31. ኤፕሪል 2012፣ እኔው። ተዘጋ ብዬ ጻፍኩ። ከፊርማ እስከ ክሎዚንግ ስድስት ወር ሊሞላ ምንም አልቀረው። ጉዳያችንን የያዘው የባንኩ ሰው ሦስት ጊዜ ተቀየረ። ያንኑ ወረቀት አራት ጊዜ በፋክስ ላክን፤ በሄደ ቁጥር አልደረሰንም፣ ወይም ደርሶን ቀኑ አለፈበት ይሉናል። አንዱ የባንኩ ክፍል ሽያጩን እያየ ሌላው ክፍል ለሐራጅ ቀን ቆርጦ ነበር፤ ያን ያወቅነው በር ላይ በተለጠፈ ወረቀት ነው። ሪልተራችን ቀኑን ለማስገፋት ሙሉ ቀን ስልክ ላይ ዋለ። ሁለተኛው ባንክ የመጀመሪያ ደብዳቤው ላይ መያዣውን ለቅቄያለሁ ብቻ ብሎ ነበር። ፍሪጁ ላይ የለጠፍኩትን አንብቤ መለስኩት። በዘጠኝ ቀን ተስተካክሎ መጣ። ባልና ሚስቱ 120 ቀናቸው ሲያልቅ 60 ቀን ጨመሩ። መጀመሪያ የጻፍኩት፣ ግድግዳው ላይ የልጆቼን ቁመት የለካንበትን መስመር እንዳይቀቡት ገዢዎቹን የሚለምን ነበር፤ አጠፋሁት።

32. ከዚያ ምርቃትና እልልታ ነው፤ እዘለዋለሁ። ክሩ ለሁለት ዓመት ተኛ።

33. በ2014 አንድ አዲስ ሰው ቀሰቀሰው። ከዚያ ዓመት ከጃንዋሪ ጀምሮ ደንቡ መለወጡን ነገረን። ክፍያ ከቆመ 120 ቀን ሳይሞላ ባንክ ሐራጅ መጀመር አይችልም፤ ከሐራጁ ቀን ከ37 ቀን በላይ ቀድሞ የተሟላ ማመልከቻ ከደረሰው ደግሞ መልስ ሳይሰጥ ቤቱን መሸጥ አይችልም። ቃሉ የተሟላ መሆኑን አስምሮበታል። አንድ ገጽ ከጎደለ አይቆጠርም።

34. ስንት ዓመት ቆይቶ ነው ድጋሚ ቤት የሚገዛው የሚል። እኔ ከልምዴ መለስኩ፤ ለኤፍ ኤች ኤ ሦስት ዓመት ነው የሚጠብቁት። ቤቱ በሐራጅ ሄዶ ቢሆን ፋኒ ሜይ ከሚባለው የቤት ብድር ተቋም ጋር ሰባት ዓመት ነበር። እኛ በ2015 መጨረሻ ትንሽ ቤት ገዛን። ቅድመ ክፍያ ከፍለን፤ ቁጥር 25 የትም ይሁን ይስማ።

35. በ2017 ሃፋን የጠየቀ ነበር። በ2016 መጨረሻ ማብቃቱን ቁጥር 4 መለሰለት። ቤቱ በኤፍ ኤች ኤ ብድር የተገዛ ከሆነ ግን የራሱ የሾርት ሴል መንገድ እንዳለው ጨመረ። እዚያ ለባንኩ የሚገባው ገንዘብ ቢያንስ ከግምቱ 88 ከመቶ መሆን አለበት፤ ገበያ ላይ አንድ ወር ከቆየ 86፣ ሁለት ወር ካለፈው 84። ስለዚህ ኦፈር ስትመርጥ ቀኑን ቁጠር አለው። ይህ ሰው ስድስት ዓመት ሙሉ ያለ ክፍያ ክሩን ሲጠብቅ ኖሯል፤ ያንን ያስተዋልኩት አሁን ነው።

36. በ2025 መከር አንዷ የታክሱን ሕግ ጠየቀች። መልሱ ከሌላ ሰው መጣ። ሕጉ በየጊዜው እየተራዘመ መጥቷል፣ ጣሪያው ወደ 750,000 ወርዷል። የሚሸፍነው ከጃንዋሪ 1 2026 በፊት የተሰረዘን ዕዳ ወይም ከዚያ ቀን በፊት በጽሑፍ ውል የተገባበትን ነው። የፎርም 982ቱ የዕዳና የንብረት ስሌት ግን የማብቂያ ቀን የለውም።

37. የመጨረሻው። እሷው ነች። የማጽደቂያው ደብዳቤ ቀን አርብ ያልፋል፣ የገዢዬ ብድር ደግሞ ሰኞ ነው የሚዘጋው አለች። ደብዳቤው ከማለፉ በፊት ዛሬውኑ ማራዘሚያ በጽሑፍ ጠይቂ፣ ካለፈ በኋላ እንደ አዲስ ነው የሚጀምሩሽ፤ ሁለተኛ ባንክ ካለም ከሱም ለብቻው አስራዝሚ ብዬ ጻፍኩላት። እስካሁን አልመለሰችልኝም።